«አንተ» ወይስ «አንቺ»? በአራት ኪሎ የሚሠራ የሰብታይትል አገልግሎት በሦስት ሥራዎች ሲፈተን

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ምድር ቤቱ ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ በሆነ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ፣ የውጭ ፊልም ወደ አማርኛ የሚመልስ ትንሽ ቢሮ አለ። ስሙን የማንጠቅሰው፣ ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ጉድለት ይህን ሥራ የሚሠራ ሁሉ የሚገጥመው ስለሆነ ነው። ደንበኛው ፊልሙን በፍላሽ ይዞ ይሄዳል፤ ቢሮው ፊልም አይሸጥም፣ አያባዛም። ሥራው ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዱ ሰብታይትል፣ ማለትም ከምስሉ ግርጌ የሚነበብ የጽሑፍ ትርጉም፣ ሌላው አንድ ተራኪ የሁሉንም ገጸ ባሕርይ ንግግር የሚያሰማበት የድምፅ ትርጉም። ሒሳቡ በፊልሙ ደቂቃ ይቆጠራል፣ ግማሹ በቅድሚያ ይከፈላል። ደንበኞቹ በአብዛኛው የፊልም ክበቦችና የስድስት ኪሎ ተማሪዎች ናቸው።

ለፈተና የሰጠናቸው ሦስት ሥራዎች ከቆዩ መጻሕፍት ወደ ስክሪን የመጡ ናቸው። በሦስቱም ውስጥ ጾታው የሚለወጥ ወይም ትራንስጀንደር (ሲወለድ ከተባለው ጾታ በሌላ ጾታ ራሱን የሚያውቅ) የሆነ ገጸ ባሕርይ አለ። እንዲህ ያለ ሥራ የተርጓሚን ብቃት ወዲያው ያወጣዋል፤ አማርኛ ጾታን በግሱ ላይ ያትማልና። እንግሊዝኛ «መጣህ»ንም «መጣሽ»ንም በአንድ መልክ ይላቸዋል። አማርኛ ተርጓሚ ግን ሳይወስን አንዲት መስመር አይጽፍም። ዳይሬክተሩ ማን እንዲጫወት፣ ምሥጢሩ በስንተኛው ደቂቃ እንዲወጣ፣ ማን ማንን ምን ብሎ እንዲጠራ ወራት ሙሉ ያሰበበትን ነገር አንዲት የ«ህ» ወይም የ«ሽ» ፊደል ታፈርሰዋለች። ተመልካቹ ደግሞ የሚያየው ፊደሏን ነው።

የመጀመሪያው ፈተና «ኦርላንዶ» ነበር። ቨርጂኒያ ዎልፍ ልቦለዱን ያሳተመችው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው፤ ሳሊ ፖተር ፊልም ያደረገችው በ1992። ታሪኩ በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን የነበረ ወጣት ባላባት ለብዙ ቀን ተኝቶ ሴት ሆኖ ሲነሣና ኑሮው እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲዘልቅ ያሳያል። ዎልፍ በመጽሐፉ ለውጡ የደረሰበት ቦታ ላይ ቆም ብላ፣ ከእንግዲህ ለልማዱ ሲባል «የእሱ» በማለት ፈንታ «የእሷ» እንላለን ትላለች። ተርጓሚ የሚፈልገውን መመሪያ ደራሲዋ ራሷ ሰጥታለች ማለት ነው፦ እስከዚያች መስመር እሱ፣ ከዚያች መስመር በኋላ እሷ፣ ሰውየው ግን ያው ሰው።

ፊልሙ ይህን በተዋናይ ነው የያዘው። ቲልዳ ስዊንተን ሁለቱንም ትጫወታለች፤ ከለውጡ በኋላ ድምፅዋም አስተያየቷም አይለወጥም፣ ቀጥ ብላ ካሜራውን አይታ ያው ሰው መሆኗን፣ የተለየው ጾታዋ ብቻ መሆኑን ለተመልካቹ ትናገራለች። ቢሮው ይህን ቦታ «ያው ሰው ነኝ። ምንም የተለወጠ የለም። ጾታዬ ብቻ ተለየ።» ብሎ መልሶታል። በጣም ጥሩ ነው። አጭር ነው፣ አንደኛ መደብ በአማርኛ ጾታ ስለሌለው የዓረፍተ ነገሩ ቅርጽ ራሱ «ያው ሰው» የሚለውን ይመሰክራል። ንግሥቲቱን የሚጫወተው ወንዱ ኩዌንቲን ክሪስፕ ነው። ተዋናዩን አይቶ ወደ ወንድ አንቀጽ መንሸራተት ቀላል ነበር፤ ተርጓሚው ግን «ግርማዊነትዎ»ን ይዞ ተጉዟል። የሕግ ሰዎቹ መጥተው ንብረቷን ሲነጥቋት የሚሉትም እንዲሁ ተሳክቷል፦ «አንደኛ፣ በሕግ ሞተዋል። ሁለተኛ፣ ሴት ነዎት፤ ይህም ያው ነው።» የ«እርስዎ» ቅዝቃዜ ግፉን ያከብደዋል።

የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። ኦርላንዶ ሴት ከሆነች ወዲህ በአፏ ላይ «ውይ» እና «እኔን» ገብተዋል። በእንግሊዝኛው አንዳቸውም የሉም። ተርጓሚው ሴት ሲባል በጆሮው የሚሰማውን ቃል ጨምሯል፤ በዚህም ፊልሙ በሙሉ ኃይሉ የካደውን ነገር፣ ማለትም ሰው ጾታው ሲለወጥ ነፍሱም ይለወጣል የሚለውን፣ በጽሑፍ መልሶ አስገብቶታል። በአንድ ሰዓት ውስጥ 11 እንዲህ ያሉ ጭማሪዎች ቆጥረናል። ማረሚያው ቀላል ነው፦ ከለውጡ በፊት ኦርላንዶ ያልተጠቀመበት ቃለ አጋኖ ከለውጡ በኋላም አይግባ። የፊልሙን ሁለት ግማሽ ጎን ለጎን ከፍቶ ቃላቱን ማወዳደር ግማሽ ቀን አይፈጅም።

መጽሐፉንና ፊልሙን የሚያወዳድር ተመልካች ሁለት ነገር ቢያውቅ ይጠቅመዋል። በልቦለዱ ኦርላንዶን በፍቅር የምታሳድድ አንዲት መስፍንት ነበረች፤ በኋላ ወንድ ሆና ትገለጣለች። ፊልሙ ይህን ሁለተኛ የጾታ ጨዋታ ትቶ ከመጀመሪያው ወንድ አድርጎታል። ደግሞም በመጽሐፉ የሚወለደው ወንድ ልጅ ነው፤ ፊልሙ ሴት ልጅ ሰጥቷታል፣ ቤቱንም አሳጥቷታል። የመጀመሪያው ቅነሳ ኪሳራ ነው ብለን እናምናለን። ሁለተኛው ግን መጽሐፉ በ1928 ያላለውን በ1992 በግልጽ የሚናገር ጥሩ ለውጥ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ከሁሉ የከበደው፣ ቢሮውም የወደቀበት ነው፦ «የሸረሪቷ ሴት መሳም»። ማኑኤል ፑዪግ መጽሐፉን በስፓኒሽ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ ሁለት እስረኞች በአንድ ክፍል ውስጥ ያወራሉ፣ መጽሐፉ ከሞላ ጎደል ሙሉው ንግግር ነው። አንዱ ቫለንቲን የተባለ የፖለቲካ እስረኛ ነው። ሌላዋ ሞሊና ናት። በመጽሐፉ ሞሊና ስለራሷና ስለ ጓደኞቿ ስትናገር እኛ ሙሉ በሙሉ ሴቶች ነን ትላለች፣ ወንድ ለወንድ ከሚፈላለጉት ራሷን ትለያለች፤ ስለዚህ እዚህም በሴት አንቀጽ እንጽፋለን። ሄክቶር ባቤንኮ በ1985 ፊልም ሲያደርገው ቋንቋው እንግሊዝኛ ሆነ፣ ቀረጻውም ብራዚል። ሞሊናን የተጫወተው ዊሊያም ኸርት በዚህ ሚና የኦስካር ምርጥ ተዋናይ ሽልማት አግኝቷል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ስፓኒሽ በቅጽል ላይ ጾታ ያሳያል፤ ሞሊና ስለራሷ ስትናገር የቅጽሉ መጨረሻ ወደ ሴት ሲዞር አንባቢው ያየዋል። እንግሊዝኛ ይህ የለውም፤ ስለዚህ ፊልሙ ላይ ግማሹ ጠፍቷል። አማርኛው ከእንግሊዝኛው ሲቀዳ የቀረውም ይጠፋል፣ አንደኛ መደባችን ጾታ የለውምና። ቢሮው የሠራው ሰብታይትል ላይ ሞሊና ከዳር እስከ ዳር አንድም የሴት ምልክት የላትም።

አማርኛ ግን መንገድ አላጣም። ቅጽል ላይ የተንጠለጠለችው «ዋ» አለች። «ሞኙ እኔ» እና «ሞኟ እኔ» ማለት የተለያየ ነው፤ «ምስኪኗ እኔ»፣ «ደካማዋ እኔ»፣ «እንደኔ ያለች ሴት» እያሉ በየአሥር ደቂቃው አንድ ቦታ ቢያስገቡ ይበቃል። መብዛት የለበትም፤ ሞሊና ራሷን በምታሾፍበት ወይም በምታዝንበት ቦታ ብቻ ይግባ፣ ሰው በአማርኛም «ሞኟ እኔ» የሚለው እንዲህ ባለ ጊዜ ነውና። የቫለንቲን አፍ ላይ ደግሞ «አንተ» ይቆይ። ሞሊናን የሚያያት እንዲያ ነው፤ እየወደዳት ሲመጣ ተርጓሚው አዝኖ «አንቺ» ቢያደርገው ፊልሙ ያልወሰነውን ወሰነ ማለት ነው። በእሷ «ሞኟ» እና በእሱ «አንተ» መካከል ያለው ክፍተት የታሪኩ ሕመም የሚኖርበት ቦታ ነው፤ ተመልካቹ ይየው።

ከዚህ የባሰው የቃላት ምርጫው ነው። ሞሊና ሴትነቷን በምትናገርባቸው መስመሮች ላይ ቢሮው «ግብረ ሰዶማዊ» የሚለውን አስገብቷል። ይህ ቃል ሰው ማንን እንደሚወድ ይናገራል፤ ሞሊና ግን የምትናገረው ራሷን ማን ብላ እንደምታውቅ ነው። ሌሎች ገጸ ባሕርያት ሲሰድቧት ስድቡ ስድብ ሆኖ ይተርጎም፣ አይለስልስ። በራሷ አፍ ግን የጠላቶቿን ቃል ማስገባት ሐሰተኛ ምስክርነት ነው። ከመጽሐፉ የተወለደው የመድረክ ሙዚቃዊ ድራማ ደግሞ በ2025 በቢል ኮንደን ፊልም ሆኗል፤ ሞሊናን ቶናቲዩ ይጫወታል። ያንን ለማስተርጎም የሚያስብ የ1985ቱን ሰብታይትል እንዳያስቀዳ፤ ንግግሩም አቀራረቡም ሌላ ነው።

ሦስተኛው «የከተማዋ ተረቶች» ነው። አርሚስቴድ ሞፒን በሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጣ ላይ በተከታታይ ያወጣው ታሪክ በ1978 መጽሐፍ ሆነ፣ በ1993 ለቴሌቪዥን ተሠራ። ወይዘሮ አና ማድሪጋል የሚባሉ አከራይ አሉ፤ የቀድሞ ሕይወታቸው የሚገለጠው በሁለተኛው መጽሐፍ ነው። ምሥጢሩን እዚህ መግለጽ ግድ ስለሆነ ይቅርታ እንጠይቃለን፦ ወይዘሮ ማድሪጋል ወንድ ተብለው ተወልደው ያደጉ፣ ከተከራዮቻቸው አንዷ የሆነችው የሞና አባት የነበሩ፣ በልጅነቷም ትተዋት የሄዱ ናቸው።

እዚህ ላይ አማርኛ ከእንግሊዝኛው ይበልጣል ብንል አልተጋነነም። አከራይ ናቸው፣ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ተከራይ ሁሉ «እርስዎ» ይላቸዋል፣ በሌሉበት «እሳቸው»። አክብሮታችን ጾታ የለውም። ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ምሥጢሩን ሳይዋሽ ይሸከመዋል፣ ምሥጢሩ ሲወጣም የሚታረም መስመር የለም። ሞና በመጨረሻ «አባቴ እሳቸው ናቸው» ብትል ሰዋስዉ አይፈርስም፣ ወይዘሮነታቸውም አይነካም። ይህን ዕድል ቋንቋችን ሰጥቶናል።

ቢሮው የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች በዚህ መንገድ በትክክል ሠርቷቸዋል፤ ከክሊቭላንድ ከተማ አዲስ የመጣችው ተከራይ ሜሪ አን ወይዘሮዋን ስታናግር አማርኛው ደስ ይላል። ሁለተኛው መጽሐፍ ለቴሌቪዥን በተሠራበት፣ ምሥጢሩም በወጣበት በ1998ቱ ተከታታይ ግን ተርጓሚው በድንገት «እሱ» ጀመረ፣ በአንድ ቦታም «ፍናፍንት» ጻፈ። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። «ፍናፍንት» ሲወለዱ በአካል የሚታይን ሁኔታ የሚናገር ቃል ነው፤ የወይዘሮ ማድሪጋል ጉዳይ ያ አይደለም፣ በሰፈር አነጋገርም ቃሉ ስድብ ሆኗል። «እሱ» ደግሞ ለዓመታት በአክብሮት የኖሩትን ሴት በአንድ መስመር ያወርዳቸዋል። ድራማው ውስጥ የሚወዷቸው ሰዎች እንዲያ አላደረጉም።

ስማቸው ላይ ያለው የፊደል ጨዋታ አይተረጎምም። በእንግሊዝኛ የ«አና ማድሪጋል» 12 ፊደላት ተበትነው ሲደረደሩ «ወንድና ልጃገረድ» የሚል ሐረግ ይወጣቸዋል። በፊደላችን ለመምሰል መሞከር ድካም ነው። ጨዋታው በንግግር በሚነሣበት ቦታ «በእንግሊዝኛ ስማቸው ሲበተን ‹ወንድና ልጃገረድ› ይላል» የሚል አንድ መስመር፣ ቢያንስ 4 ሰከንድ እንዲቆይ ተደርጎ ቢቀመጥ ይበቃል።

በ1993 አናን የተጫወተችው ኦሊምፒያ ዱካኪስ ነበረች፤ ትራንስጀንደር አልነበረችም። በ2019 ኔትፍሊክስ ተከታታዩን ሲያድስ ዱካኪስ ተመለሰች፣ የአናን ወጣትነት ግን ትራንስጀንደር የሆነችው ጄን ሪቻርድስ ተጫወተችው። በ«ዴንማርካዊቷ ልጅ» ፊልም ትራንስጀንደሯን ሊሊ ኤልቤን የተጫወተው ተዋናይ ኤዲ ሬድሜይን በ2021 ሚናውን መውሰዱ ስሕተት እንደነበር ተናግሯል። የቆየ መጽሐፍ ወደ ስክሪን ሲመጣ ከሚለወጡት ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ሰብታይትል ሠሪ ግን ተዋናዩን ሳይሆን ገጸ ባሕርይዋን ይተርጉም።

ሌላ ወጥመድ አለ፣ ቢሮው አራት ጊዜ የወደቀበት፦ አማርኛው ከእንግሊዝኛው ቀድሞ ምሥጢር ያወጣል። «ጓደኛዬ ነገረኝ» ካልክ ወንድ ነው፣ «ነገረችኝ» ካልክ ሴት። እንግሊዝኛው ግን ሆን ብሎ ደብቆታል። መፍትሔው ሰውየውን ከባለቤትነት ማውረድ ነው፦ «ከጓደኛዬ ሰማሁ»። ግሱ ወደ ተናጋሪው ዞረ፣ ጓደኛው ጾታ አጣ። «ማን እንደመጣ አየህ?» የሚለውም «የማን መምጣት እንደሆነ» እያሉ ከማንዛዛት «እነማን እንደመጡ» ቢባል ይሻላል።

ይህን ሥራ ለማንኛውም ተርጓሚ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ገጽ ሠንጠረዥ አዘጋጁ። ተናጋሪ፣ ተጠሪ፣ የአጠራሩ ዓይነት («አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ»)፣ ከስንተኛው ደቂቃ እስከ ስንተኛው፣ በመጨረሻም ተናጋሪው ምን እንደሚያውቅ። የመጨረሻው ዓምድ ዋናው ነው። የቅድስት እንባ መሪናን ታሪክ የሰማ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፦ በወንድ መነኩሴ ልብስ ገዳም ገብታ ስትኖር መነኮሳቱ እንደ ወንድም ያናግሯታል፣ ታሪኩን የምንሰማው እኛ ግን እናውቃለን። የቅድስቲቱ ነገር ለተጋድሎ የተደረገ መሰወር ነው፣ ከትራንስጀንደር ገጸ ባሕርይ ጋር አንድ አይደለም። የአነጋገሩ ሕግ ግን ይጠቅማል፤ እያንዳንዱ ሰው የሚናገረው በሚያውቀው ልክ ነው። ሠንጠረዡን ይዘን ሄደን የ«ኦርላንዶ»ን 20 ደቂቃ ድጋሚ ስናሠራ ስሕተቱ ወደ አንድ ወረደ።

ቴክኒኩ ላይ ቢሮው ጠንካራ ነው። ፊደሉ በዩኒኮድ፣ ፋይሉ በዩ.ቲ.ኤፍ-8 (ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ) ይቀመጣል፤ በአሮጌዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ጽሑፍ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል የሚሆነው ይህ ስለማይደረግ ነው። የመስመር ርዝመት ግን ይጠበቅ። ለላቲን ፊደል የተለመደው በመስመር 42 ፊደል ነው፤ የእኛ ፊደል ሰፊ ስለሆነ ከ28 ባይበልጥ እንመርጣለን። «ሄዶ» በአንድ መስመር፣ «ነበር» በሚቀጥለው የተሰበረባቸው ቦታዎች አሉ፤ ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ጾታውም የሚታወቀው እዚያ ነው፣ ስለዚህ ግስና ረዳቱ አይለያዩ።

የ«ኦርላንዶ» ፋይል ሲከፈት መጀመሪያ ልክ ነበር፣ እየቆየ ግን ጽሑፉ ከንግግሩ ይዘገያል። ምክንያቱ የቅጂው ፍጥነት ነው፦ ሰብታይትሉ በሰከንድ 23.976 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ባለው ቅጂ ተሠርቶ፣ ፊልሙ ግን በ25 የሚሄድ የአውሮፓ ቅጂ ነበር። ልዩነቱ በአንድ ሰዓት ወደ 2 ደቂቃ ተኩል ይደርሳል። በማጫወቻው ላይ ጽሑፉን ወደፊትና ወደኋላ መግፋት አይፈታውም፣ መግፋት ሁሉንም እኩል ነውና፤ «ሰብታይትል ኤዲት» በተባለው ፕሮግራም የፍሬም ፍጥነቱን ከ23.976 ወደ 25 መለወጥ ያስፈልጋል። ፋይሉን ስትሰጡ የቅጂውን ፍጥነት ጽፋችሁ ስጡ።

በፍላሽ ቀጥታ ቴሌቪዥን ላይ የሚያይ ሰው በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥኖች ቢመጡበት ቴሌቪዥኑ የግዕዝ ፎንት የለውም ማለት ነው፤ ያኔ ጽሑፉ ከምስሉ ጋር የተዋሐደበት ቅጂ ይጠየቅ። በኮምፒውተር ከሆነ በ«ቪ.ኤል.ሲ» ማጫወቻ የሰብታይትል ምርጫ ውስጥ ፎንቱን «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» ወይም «አቢሲኒካ» ማድረግ በቂ ነው።

የድምፅ ትርጉሙን ለእነዚህ ሥራዎች አንመክርም። የስዊንተን ድምፅ ከለውጡ በፊትም በኋላም አንድ መሆኑ የፊልሙ ማስረጃ ነው፤ ተራኪ ሲሸፍነው ማስረጃው ይጠፋል። «የከተማዋ ተረቶች» የመጀመሪያው ተከታታይ ሳይታረም ለክበብ ሊቀርብ ይችላል። «ኦርላንዶ» ጭማሪዎቹ ከወጡለት በኋላ ይቅረብ። የሞሊና ፊልም ግን እንደገና ከመጀመሪያው ካልተተረጎመ አይታይ። ቢሮው እርማት አንድ ጊዜ በነጻ ይሠራል፤ ጥያቄው መስመር በመስመር፣ በደቂቃና በሰከንድ ተጽፎ ከቀረበ በሦስት ቀን ይመልሳል።